«ይቋቋማል» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ አንዲት አጭር ነገር ጽፌ ነበር። «ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ ይቋቋማል ሲሏችሁ፣ ከተንቀጠቀጠ በኋላስ ተመልሰን እንገባበታለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ» ነበር ያልኩት። በቃ ይቺው ናት። ተከትሎኝ የመጣውን ግን አላሰብኩትም። አንዱ «በዲፕሎማ ስትራክቸር ተጀመረ እንዴ?» አለኝ። ሌላው «አገር በስንት ችግር ተወጥሮ አንተ ስለ ፎቅ መንጋደድ ታወራለህ» አለ። እነሱን ትቻቸዋለሁ። አንዱን ግን ልተወው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ከፊት ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ ዛሬ ሲቪል ኢንጂነር የሆነ፣ የምኮራበት ልጅ። እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር አከብርዎታለሁ፤ ግን ኮዱ የሚጠይቀው ሰው እንዳይሞት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልክ ነው፣ አንድ ፊደል አልነካበትም። ሁለተኛው ነው የከነከነኝ። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለእሱ ነው፣ እናንተም ስሙት። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተነሳሁበትን ልንገራችሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከባለቤቷ ጋር ለዓመታት ዕቁብ ጥለው፣ ከዘመድም ተበድረው አፓርታማ ሊገዙ ነው። «አንተ ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ? አብረኸን ናና ጠይቅልን» አሉኝና ወደ ሽያጭ ቢሮው ሄድን። ሕንፃው ገና ጉድጓድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልቆ መብራቱም በርቷል። ባለቤቷ አንድ ጥያቄ ነበረው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በየቀኑ ሲናጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አልጋ ሲያወዛውዝ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆቹን አቅፎ በሌሊት አራት ፎቅ ደረጃ ወርዷል። ያ ሌሊት አልወጣለትም። «የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣስ?» አለ። ሻጩ ልጅ ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ እሱን አያስቡ። የእኛ ሕንፃ እስከ 8 ሬክተር ስኬል ይቋቋማል» አለው።

እስከ 8! ባለቤቷ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ጣሪያውን አየሁ።

ተማሪዎቼ ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ግን ለሌሎቹ ልድገመው። 6 ወይም 8 የሚባለው ቁጥር የሚነግረን ምንጩ ጋ የተለቀቀውን ጉልበት ነው። አምፖሉ 100 ዋት ነው ማለት ደብተርህ ላይ ስንት ብርሃን ደረሰ ማለት አይደለም፤ ደብተርህ አምፖሉ ሥር ነው ወይስ ጓሮ ነው? ሕንፃ የሚሠራው ለዚያ ቁጥር ሳይሆን የቆመበት መሬት ለሚኖረው አክስለሬሽን ነው። በእኛው አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ ለአዲስ አበባ የሰጠው መጠን ከመሬት ስበት አክስለሬሽን 5 በመቶውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውሮፓው ኮድ ጋር ተዛምዶ የወጣው ደግሞ ወደ 10 በመቶ አሳደገው። እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ «ኮዱን ያሟላል» የሚላችሁን ሰው «የትኛውን?» ብትሉት ነውር የለውም። «እስከ 8 ይቋቋማል» የሚላችሁ ሰው ግን ስለ ሕንፃው ምንም አልነገራችሁም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ይቋቋማል።

አዲሱ ኮዳችን የመጣበት ዩሮኮድ 8 ሁለት ነገር ይጠይቃል። በ50 ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አሥር የሆነው ከባዱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሕንፃው አይደርመስ። በ10 ዓመት ውስጥ ዕድሉ ከመቶ አሥር የሆነው ቀለል ያለው ሲመጣ ደግሞ ጉዳቱ የተወሰነ ይሁን። ከባዱ ሲመጣ የተገባላችሁ ቃል እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፦ ላያችሁ ላይ አይወድቅም። ትወጣላችሁ። ትመለሳላችሁ የሚል ነገር የለበትም።

ይሄ የሆነው ኢንጂነሮቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከባዱ መንቀጥቀጥ የሚያመጣውን ኃይል ሙሉውን ወስዶ፣ ብረቱ ምንም ሳይጣመም እንዲሸከም አድርጎ መሥራት በጣም ውድ ነው። ስለዚህ ኢንጂነሩ ኃይሉን ያካፍለዋል። በጥንቃቄ ለተሠራ የብረት ፍሬም ለ4፣ ለ5፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንዲያካፍል ኮዱ ይፈቅድለታል። የተቀነሰው የት ሄደ? የተቀነሰውን ብረቱ በመጣመም ይከፍለዋል። ሆን ተብሎ፣ በተመረጠ ቦታ፣ ሳይበጠስ እንዲጣመም ተደርጎ ይሠራል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፉ እጃችሁን ሞቅ ይላችኋል አይደል? የመንቀጥቀጡ ጉልበት እንደዚያ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል፤ ሰውም ይተርፋል። ድንቅ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። ብዙ ሕይወት አትርፏል።

ግን ላብራቶሪያችንን አስታውሱ። ሞላ አንጠልጥለን ክብደት እየጨመርን ስንለካ አንዱ ሞላ ሁልጊዜ አይታዘዝም ነበር። ካለፉት ዓመታት ተማሪዎች አንዱ ከልክ በላይ ስቦት ተለጥጦ የቀረ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ሞቷል» ትሉኝ ነበር። አልተበጠሰም እኮ! ክብደት ይሸከማል። ግን ሞቷል። በኮዱ መሠረት የተሠራ ሕንፃ ከከባድ መንቀጥቀጥ በኋላ ያ ሞላ ነው። ቆሟል፣ ሰው አልሞተበትም፣ ግን ተጣሞ ቀርቷል።

ክራይስትቸርች የምትባል የኒውዚላንድ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2011፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ ከከተማዋ ሥር በሚባል ቅርበት ተንቀጠቀጠች። 185 ሰው ሞተ። ከእነዚህ ውስጥ 115ቱ የሞቱት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ሲቲቪ በሚባለው። 18 ሰው ደግሞ በሌላ አንድ ሕንፃ። እነዚያ ቃሉን ያልጠበቁ ሕንፃዎች ናቸው፣ የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ቃላቸውን ስለጠበቁት ነው። ከተማው መሀል የነበሩት ሌሎቹ ፎቆች በአብዛኛው አልተደረመሱም። ኮዱ ያለውን አደረጉ፣ ሰው ከውስጣቸው ወጣ። ከዚያስ? የከተማው መሀል በአጥር ተዘጋ፣ ወታደር ቆመበት፣ አጥሩ ሙሉ በሙሉ የተነሳው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ነው። በዚያ መሀል ከ1,000 በላይ ሕንፃ በማሽን ፈረሰ። መንቀጥቀጡ ያላፈረሰውን ሰው አፈረሰው። ባለ 26 ፎቁ ግራንድ ቻንስለር ሆቴል እንግዶቹን ሁሉ በሕይወት አስወጥቶ፣ ዘንበል እንዳለ ቆሞ ቆይቶ፣ ከላይ ወደ ታች እየተሸራረፈ ፈረሰ።

አስቡት እስኪ። ባለሱቁ ሱቁን ቆሞ ያየዋል፣ አይገባበትም። ሰነዱ፣ ዕቃው፣ ሥራው ውስጥ ነው። «ተቋቁሟል» ይሉታል። አዎ ተቋቁሟል።

እዚህ ጋ ሐቀኛ ልሁን፤ የፈረሰው ሁሉ በመጣመም ብቻ አይደለም። መሬቱ ራሱ እንደ ጭቃ ፈሶ መሠረቱ የሰመጠ አለ። ኢንሹራንሱ ሙሉ ስለሚከፍል ከመጠገን ማፍረስ የተሻለው ባለንብረትም ብዙ ነው። ይቺን ኢንሹራንስ የምትባል ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስንት መጣመም ነው ሕንፃን የሚገድለው? ጃፓን ውስጥ እነ ማሳዮሺ ናካሺማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት ጥናት መልሱን ከመቶ ግማሽ ብለውታል። ከዚያ ካለፈ ከመጠገን ይልቅ አፍርሶ መሥራት ይቀላል፣ ውስጡ ያለ ሰውም መዘንበሉን ይሰማዋል። ከመቶ ግማሽ ማለት 3 ሜትር ከፍታ ባለው አንድ ፎቅ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የትንሿ ጣታችሁ ውፍረት። ግንበኛ ቱምቢውን ጥሎ ዘንበል ማለቱን ወዲያው ያይላችኋል። የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ይሞታል ማለት ነው።

እና «ምን ይደረግ ታዲያ?» ለሚለው መልስ ባይኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። መልስ አለ። አዲስም አይደለም።

የሴት ልጆች አምባር አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ዶቃ በላስቲክ ክር የተሰካበት? ዶቃዎቹ እርስ በርስ አልተጣበቁም። የያዛቸው ክሩ ነው፣ ጠበቅ አድርጎ ይጫናቸዋል። ብታጎብጡት በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ይከፈታል፣ ክሩ ይለጠጣል፤ ስትለቁት ክሩ ይስባቸዋል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፣ እንደነበረ ይሆናል። አንድም ዶቃ አልተሰበረም። እሱ ነው በቃ። ራሱን መልሶ የሚያቀና የብረት ፍሬም ማለት አምባር ነው።

በተለመደው የብረት ፍሬም አግዳሚው ብረት ከቋሚው ጋር በብየዳ ይጣበቃል። መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሚጣመመው አግዳሚው ራሱ ነው፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ። እንደታሰበው ከሆነ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኖርዝሪጅ ሲናወጥ ብየዳዎቹ ሳይጣመሙ ተሰነጠቁ፤ ከ100 በላይ የብረት ሕንፃዎች ላይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ተገኘ። ብረት አይሰበርም ይሉ የነበሩ ሰዎች በጣም ደነገጡ። ከዚያ ድንጋጤ ነው ብዙ አዲስ ሐሳብ የተወለደው። በአሜሪካ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ እነ ጄምስ ሪክልስ፣ ሪቻርድ ሳውስና ማሪያ ጋርሎክ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ሥራ አንዱ ነው። አግዳሚውን ከቋሚው ጋር መበየዱን ተዉት። በምትኩ ከፍተኛ ጥንካሬ ያላቸውን የብረት ገመዶች በአግዳሚው ርዝመት ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው፣ ወጥረው፣ ከዳር ካሉት ቋሚዎች ውጪ አሰሯቸው። አግዳሚውና ቋሚው በውጥረት ብቻ ተጫጭነው ይቆማሉ። ትንሽ ሲነቃነቅ ምንም አይከፈትም፣ እንደተበየደ ነው። በኃይል ሲናወጥ ግን መጋጠሚያው ጋ ጠባብ ክፍተት ይከፈታል፣ ገመዱ ይለጠጣል፤ ግን ልኩን አያልፍም፣ ስለዚህ አይሞትም። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ገመዱ ይስብና ፍሬሙ ቀጥ ይላል። ሁክ እኮ ነው ልጆች! ያው የምናውቀው ሁክ።

ታዲያ ጉልበቱን ማን ይብላው? ክሩ ብቻ ቢሆን ሕንፃው እንደ ሞላ ሲወዛወዝ ያድር ነበር። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በቡሎን የታሰረ ኤል ቅርጽ ያለው ብረት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እንደ ፍሬን እየተፋተገ የሚንሸራተት ነገር። የሚጣመመውም የሚያልቀውም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ፊውዝ ማለት ነው፤ ፊውዝ ሲቃጠል ቤቱን አፍርሰን አንሠራም። ቡሎኑን ፈትተህ አዲስ ታስራለህ።

ሌላም ዓይነት አለ፣ ፍሬሙ እንዳለ እግሩን ከመሠረቱ ብድግ አድርጎ መልሶ የሚያሳርፍ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ሚኪ ከተማ በሚገኘው ግዙፍ የመንቀጥቀጥ ጠረጴዛ ላይ ከእውነተኛው ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ባለ ሦስት ፎቅ የብረት ፍሬም አቁመው፣ የኮቤንና የኖርዝሪጅን መንቀጥቀጥ መልሰው አናወጡበት። እግሩ ተነሳ፣ ተመለሰ፣ ፍሬሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊውዙን ቀይረው ደግመው አናወጡት። ሐሳቡ ራሱ ከዚያ በብዙ ይቀድማል፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ሳውዝ ራንጊቲኬ የሚባል 78 ሜትር ከፍታ ያለው የባቡር ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እግሩን እንዲያነሳ ተደርጎ ተሠርቶ ባቡር ያልፍበታል።

አስተማሪ ነኝና አንዱን ምሳሌ በተለይ እወደዋለሁ። ዌሊንግተን ከተማ፣ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴ ፑኒ የሚባል የተማሪዎች ማደሪያ አለ። የብረት ፍሬም ነው፤ እግሮቹ ሥር ሞላ አለ፣ ተነስተው ይመለሳሉ፤ መጋጠሚያዎቹ ይንሸራተታሉ። ከተሠራ ወዲህ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2016 ተናውጣለች። ማደሪያው ዛሬም ተማሪ ያድርበታል። በዚያው በ2016ቱ መንቀጥቀጥ፣ በዚያችው ከተማ፣ ስታቲስቲክስ ሃውስ የተባለ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራ ዘመናዊ የአርማታ ሕንፃ የወለሎቹ ክፍል ወደቀ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልነበረበትም። በኋላ ፈረሰ። ማደሪያው ተማሪዎች የሚተኙበት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ባንክ አይደለም፣ ቤተ መንግሥትም አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ኢንጂነሩ ልጄ። ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ አሥረኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ።

«እንከን የለሽ ነው ይላሉ እንዴ?» ትለኛለህ። አላልኩም። ክፍተቱ ሲከፈት ፍሬሙ ወደ ጎን ይረዝማል፣ ቋሚዎቹን ይገፋል፤ ሶሌታው ይሄን እንዲፈቅድ ተደርጎ ካልተሠራ ይሰነጠቃል። ይሄ የታወቀ ራስ ምታት ነው። ገመዱ ዝገት እንዳይበላው መጠበቅ አለበት። ፍሬሙ ቀጥ ቢል እንኳ ውስጥ ያለው ቁም ሣጥንና ኮርኒስ እንደማንኛውም ቦታ ይናወጣል። መሬቱ ከሰመጠ ደግሞ ምንም ገመድ አያቀናውም። ዲዛይኑ ይከብዳል፣ ዋጋው ይጨምራል። ክራይስትቸርች ራሷ እንደገና ስትሠራ፣ ሚሼል ብሩኖና ግሪጎሪ ማክሬ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት እንደተገለጸው፣ ከአርማታ ወደ ብረት በጅምላ ዞረች፤ ግን አብዛኛው ራሱን የሚያቀናው ዓይነት አይደለም። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የምከራከርህ።

«ቲቸር፣ እኛ አገር እኮ ስታፋው በትክክል ሳይታሰር ኮለን ይሞላል» ትለኛለህ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እጄን ሰጥቻለሁ። ፌሮው ተቆጥሮ፣ ስታፋው ጠበቅ ብሎ፣ አርማታው ውሃ ሳይበዛበት የተሞላ ተራ ሕንፃ፣ ይሄን ሁሉ ረቂቅ ነገር ከሚሸከም ግን ከተሰረቀበት ሕንፃ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ብረት ከውጭ የሚገባ ነገር መሆኑን፣ አብዛኛው ፎቃችን አርማታ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ሁሉም ሕንፃ አምባር ይሁን አላልኩም። እንዲህ ያለውን እንደ ሰበብ ግን አትጠቀምበት። «መጀመሪያ መሠረታዊው ይሟላ» ብሎ የሚያበቃ ሰው ብዙ ጊዜ መሠረታዊውንም አያሟላም፤ በሁለቱም በኩል ዝም ለማለት ነው የሚፈልገው።

እኔን ያናደደኝ «ቅንጦት» የምትለዋ ቃል ናት። ለማን ነው ቅንጦት የሆነው? ያንን ኢንሹራንስ አሁን አንሱልኝ። ክራይስትቸርች ውስጥ ሕንፃው ሞቶ ሲቀር ለአብዛኛው ባለንብረት ኢንሹራንስ ከፍሎታል። ጠቅላላ ጉዳቱ ወደ 40 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ተገመተ፤ ከባድ ነው፣ ግን ተከፋፍለው ተሸከሙት። አሁን ወደ ባልደረባዬ ቤት ና። የዕቁብ ገንዘብ፣ የዘመድ ብድር፣ ሁለት ደመወዝ። ፎቁ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ቢሞትባቸው ማን ይከፍላቸዋል? አልሚው ሸጦ ጨርሷል። ዲዛይን ያደረገው ኢንጂነር ኮዱን አሟልቷል። ፈቃድ የሰጠው ቢሮ ማኅተሙን አድርጓል። ሁሉም ልክ ነው፣ ማንም አልዋሸም፣ ቤተሰቡ ግን ሜዳ ላይ ነው፤ ዕዳውም አብሮት። ሕንፃው ተጥሎ የሚቀየር ዕቃ እንዲሆን የሚያስችለው ሀብት ያለው እዚያ ነው። አንድ ቤት በዕድሜው አንዴ ብቻ መግዛት የሚችለው ሰው ያለው ደግሞ እዚህ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ማን ነው ተመልሶ የሚገባበት ቤት የበለጠ የሚያስፈልገው? ቅንጦትስ የቱ ነው፣ ሕንፃን አንዴ ተጠቅሞ መጣል ወይስ መልሶ መግባት?

ዋጋ ጨመረ የምትለውም ማን ነው የሚጨምርበት? የሚያወዳድረው ሰው የሚያየው የሚሠራበትን ዋጋ ብቻ ነው። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያለውን ዋጋ የሚያይ ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ዲዛይኑ ሲመረጥ ጠረጴዛው ላይ የለም። የእኔ ባልደረባ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የላትም። ያላት ብሮሹር ነው፣ «ይቋቋማል» የሚል።

ደግሞ ቤቱን እንተወው። ሆስፒታልስ? የእሳት አደጋ ጣቢያስ? ዩሮኮድ 8 ለሆስፒታልና ለመሰሉት ኃይሉን በ1.4 አባዙ ይላል፣ ለትምህርት ቤት በ1.2። ጥሩ ነው። ግን ካበዛኸው በኋላ መልሰህ ለ4 ወይም ለ5 ካካፈልከው፣ ትንሽ ዘግይቶ የሚጣመም ሕንፃ እንጂ የሚመለስ ሕንፃ አልሠራህም። ሆስፒታል ማለት የሚያስፈልገው ልክ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ነው። ቁስለኛው እየመጣ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ «ቆሟል ግን አይገባም» ከተባለ ምኑን ቆመ? ትምህርት ቤትም ያው ነው፤ አንድ ሺህ ልጅ በሰላም ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ቢማር፣ ከልጆቹ ስንቱ ይመለሳል? እኔ ክፍል ውስጥ ስለምቆም አውቀዋለሁ፤ አንድ ወሰነ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ስንቴ እንደማይመለስ።

ስለዚህ የምለው ይሄን ያህል ነው። ቢያንስ ከመንቀጥቀጥ በኋላ በዚያው ዕለት የምንፈልጋቸው ሕንፃዎች የሚመዘኑበት ጥያቄ «ይደርመሳል ወይ» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ሳንቲ ሜትር ተጣሞ ይቀራል» ይሁን። ጥያቄው ሲቀየር መልሱ አንዳንዴ ራሱን የሚያቀና የብረት ፍሬም ይሆናል፣ አንዳንዴ ሌላ። ያን የምትመርጡት እናንተ ባለሙያዎቹ ናችሁ፤ እኔ በዲፕሎማዬ አልመርጥላችሁም። ለተራው ሕንፃ ደግሞ፣ ሻጩ ልጅ ቢያንስ እውነቱን ይናገር፦ «ጋሼ፣ ከባድ ከመጣ በሕይወት ይወጣሉ፤ መመለስዎን ግን ቃል አልገባም።» ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ብሮሹሩ ላይ ማተም ስንት ብር ያስወጣል?

ይሄን ስል አገሩ የማይናወጥ የሚመስለው አለ። ታሪኩን ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰብስበውታል። እ.ኤ.አ. በ1906 ስምጥ ሸለቆው ላይ የተነሳው አዲስ አበባን አስደንግጧታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ካራቆሬና አካባቢው ተናውጦ መጀቴ ፈርሳለች። ያኔ ከተማዋ ላይ ባለ 20 ፎቅ አልነበረም። አሁን አለ።

ለባልደረባዬ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ለየትኛው ኮድ ነው የተሠራው? ኃይሉ ለስንት ተካፍሏል? ከከባዱ በኋላ ስንት ተጣሞ እንደሚቀር የሰላ ሰው አለ ወይ፣ ካለስ ወረቀቱን እንይ? ሻጩን ደውላ ስትጠይቀው «እሱን ቴክኒክ ክፍል ነው የሚያውቀው» ብሏታል፣ ቴክኒክ ክፍሉም ቅዳሜ ጠዋት በ4 ሰዓት ቀጥሮናል። የሚቀጥለው ክፍያ የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። የሚሉንን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። አንተም ኢንጂነሩ ልጄ፣ ቅዳሜ ሥራ ከሌለህ አብረኸን ና፤ እኔ ከምጠይቃቸው አንተ ብትጠይቃቸው ይፈሩሃል።